ሐውልቱ የወደቀበት ንጉሥ

ሰው ታሪክ ያነባል ብሎ የሚያምን የዋህ ካለ፣ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ይውረድና ወስፌን ይጠይቃት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የተገነጠለ መጽሐፍ እየሰፋች የኖረች ጠራዥ ናት፤ ማን ምን እንዳነበበ ከአንባቢው ይልቅ እሷ ታውቃለች። መጽሐፍ ሲመጣላት ከሁሉ በፊት ጠርዙን ወደ መብራቱ አዙራ ታየዋለች። የተነበበው ገጽ ጠርዙ ይጠቁራል፤ ያልተነበበው ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ መስኖ፣ ስለ እህል ጎተራ የሚናገረው ምዕራፍ ሁልጊዜም ንጹሕ ነው። ንጉሡ ስንት ሚስት እንደ ነበረው፣ የትኛዋ መርዝ እንዳጠጣችው የሚተርከው ገጽ ግን በአውራ ጣት እድፍ ተለስኗል፣ ሻይ ተደፍቶበታል፤ አንድ ጊዜማ የዓሣ አጥንት እንደ ዕልባት ተሰክቶበት ተገኝቷል።

“ይኸውላችሁ ምሁሮቻችሁ!” አለች ያን ዕለት አጥንቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። “አገሬው ምን በልቶ እንዳደረ የጠየቀ የለም። ንጉሡ ከማን ጋር እንዳደረ ግን ሁሉም ያውቃል።”

ወስፌ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ቆዳና ካርቶን የምትበሳበት ወስፌ ከእጇ ስለማይለይ ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱ ምላሷን ያልቀመሱ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ “ከሽፋን አልፎ የማያውቅ” ትለዋለች። መጽሐፍ አመላላሹን “እግር ያለው መደርደሪያ” ትለዋለች። አንባቢዎቹን ደግሞ በጅምላ “ጥራዝ ነጠቅ” ብላ ጨርሳቸዋለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ የሚያሞቃት ንቀቷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደግሞ ንቀት ርካሽ ማገዶ ነው፤ የትም ይለቀማል።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቃቸው ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛው የታናሽ እህቷ ባል ነው። ዕድሜውን የመድን ድርጅት ጸሐፊ ሆኖ ጨርሶ ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጣ፣ የሚያዘው ሰው ቢያጣ የሞቱትን ማዘዝ ጀመረ። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው “እኛ የታሪክ ሰዎች” ማለት አመጣ። እሑድ እሑድ እህትማማቾቹ አብረው ምሳ ይበላሉ፤ እሱም ገና ማንኪያውን ሲያነሣ “ይህን ታውቃላችሁ?” ይላል። ከዚያ በኋላ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ መስማት ነው። አንዲት ንግሥት ለድመቷ ሐኪም ቀጥራ ነበር፤ ሐኪሙ ድመቷን ስለሚፈራት በር ላይ ቆሞ ነበር የሚመረምራት። አንድ የጦር አለቃ ጦርነት የተሸነፈው ጥርሱን አሞት ነው፤ ‘ወደፊት!’ ሊል አፉን ቢከፍት ንፋስ ገባበት።

“የትኛዋ ንግሥት?” ትለዋለች ወስፌ።

“የጥንት ናት።”

“የጦር አለቃውስ?”

“እሱም የጥንት ነው።”

ለእሱ ጥንት ማለት አንዲት ቀን ናት፤ ንግሥቲቱም፣ ድመቷም፣ ጥርስ ያመመውም ሰውዬ በዚያች ቀን አንድ ግቢ ውስጥ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ወስፌ ስሙን “ታውቃላችሁ” ብላ አወጣችለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህኛውን ያወጣችው እሷ ናት፣ ግን ተስማምቶታል።

ሁለተኛው ሊፍት ጠጋኙ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን ሊፍት ሊሠራ መጥቶ በዚያው አንባቢ ሆኖ የቀረ፣ ሰማያዊ ቱታውን ሳያወልቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው። ወስፌ ገና ቱታውን ስታይ ደሟ ፈላ። “ያ ግራሶ እጅ መጽሐፌን እንዳይነካ!” ብላ ለንባብ ክፍሉ ሠራተኛ ነገረች፤ እጅ ታጥቦ መግባት ግዴታ ነው የሚል ማስታወቂያም በሩ ላይ አስለጠፈች። ማስታወቂያው ለሁሉም ነው ተባለ እንጂ፣ እጁን እንዲያሳይ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱም ቅር ሳይለው ታጥቦ ይመጣና ሁለት መዳፉን በግራም በቀኝም ገልብጦ አሳይቶ ይገባል። ወስፌ እሱ የመለሳቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያገላበጠች እድፍ ፈለገች። አጣች። እድፍ ብታገኝ ‘ቆሻሻ’ ልትለው ነበር፤ ስታጣ ደግሞ ‘ቀድሞስ መች ያነብና’ አለችው። እንዲህ ካለው ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው መቼም ነጻ አይወጣም።

ቤተ መጻሕፍቱ የተመሠረተበት በዓል ቀን አዳራሹ ሞላ። ሁለት ጉዳዮች ነበሩ፤ መጀመሪያ ለወስፌ የምስክር ወረቀት መስጠት፣ ቀጥሎ የታሪክ ጥያቄና መልስ ውድድር። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ “በሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎቷ ከእጇ አንድም የተሳሳተ መጽሐፍ ያልወጣ።” ወስፌ ለዚህ ወረቀት የምትለውን ስድብ ከቤቷ አዘጋጅታ መጥታ ነበር። ፍሬሙ እጇ ላይ ሲያርፍ ግን ስድቡ ጠፋት። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል። ከዚያ ሁሉ ዓመት የቀራት ነገር ቢኖር ያቺ “አንድም” የምትል ቃል ናት። ፍሬሙን እንዳቀፈች ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የውድድሩ ዳኛ ማን ይሁን? ታውቃላችሁ። ክራቫት አስሮ፣ የነገሥታቱን ታሪክ ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ቆሟል። ተወዳዳሪዎቹ እየወደቁ ሄደው መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ፤ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርትና ሊፍት ጠጋኙ። መምህርቷ በጥያቄዋ ተሳሳተች። ለሊፍት ጠጋኙ የመጨረሻው ጥያቄ ቀረበለት።

“ሦስተኛው ቅጽ ላይ ታሪኩ የተጻፈው ልጅየው ንጉሥ እንዴት ሞተ?”

“አልጋው ላይ ነው የሞተው” አለ ሊፍት ጠጋኙ። “ትኩሳት ይዞት፣ በዘጠነኛው ቀን።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ። ሐውልቱ የወደቀበት አባቱ ነው፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ያለው። ሰው ያቀላቅላቸዋል።”

የታውቃላችሁ ፊት ወገግ አለ። ዕልባት ያደረገበትን ሦስተኛ ቅጽ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ “‘ንጉሡም የገዛ ሐውልቱን ሊያስመርቅ መጋረጃውን በእጁ ቢስብ፣ የመጋረጃው ገመድ በሐውልቱ አንገት ተጠምጥሞ ነበርና፣ ሐውልቱ ከነመቆሚያው ተንዶ ተጫነው።’ ገጽ መቶ ሠላሳ ሦስት! ሦስተኛ ቅጽ!” መጽሐፉን ለአዳራሹ አሳየ። “ጌታው፣ ከሊፍት ጋር ተከራከር ማን ከለከለህ! ከመጽሐፍ ጋር ትከራከራለህ?”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የወስፌ ሳቅ ነበር። ሊፍት ጠጋኙ እጁን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሁለተኛ ቅጽ ዘረጋ፤ ከዚያ ወደ ፊት ወንበሮች አየ፣ እጁንም መለሰ። “እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናል” ብሎ ቁጭ አለ። ሽልማቱን፣ ማለትም የቤተ መጻሕፍቱን የክብር አንባቢ ወንበር፣ በቀደሙት ዙሮች ነጥብ ትበልጥ የነበረችው መምህርት ወሰደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊፍት ጠጋኙ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም።

ወስፌ ለሁለት ሳምንት ነገሩን ባስታወሰች ቁጥር ትስቅ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሙጫ ስታሞቅ ግን ሳቋ በድንገት ተቋረጠ። የሐውልቱን ታሪክ እሷም አንብባዋለች፤ አንብባውም ሐውልቱ የተጫነው ንጉሥ ጢሙ ነጭ እንደ ነበር ትዝ አላት። ልጅየው ደግሞ ገና ጢም ሳያወጣ ነው የሞተው። ሙጫውን እሳቱ ላይ ትታ ወጣችና ሁለቱን ቅጾች ይዛ ተመለሰች።

ሦስተኛውን ከፈተች። የገጽ መቶ ሃያ ስምንት የመጨረሻው መስመር “ወጣቱ ንጉሥም የግምጃ ቤቱን ሹም አስጠርቶ እንዲህ አለው፦” ይላል። መቶ ሃያ ዘጠኝ “የነሐስ ጫማው ብቻ ሦስት በቅሎ የሚያስጭን ነበር” ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛውን ቅጽ ከፈተች፤ እዚያም የሽማግሌው ንጉሥ ነገር እንዲሁ መቶ ሃያ ስምንት ላይ ተቆርጦ፣ ጢም ያላወጣ ንጉሥ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ከዚህ እስከ ገጽ መቶ አርባ አራት ያለችው ዐሥራ ስድስት ገጽ፣ ማለትም አንድ ላይ ታጥፋ የምትሰፋው ዘጠነኛዋ እጥፍ፣ ከቅጽ ወደ ቅጽ ተቀያይራ ተሰፍታለች። ክሩ የእሷ ክር ነው፣ ቋጠሮውም የእሷ። ገጽ መቶ ሠላሳ ሦስት ላይ፣ ሐውልቱ ከተናደበት መስመር አጠገብ፣ አንድ የቅቤ አሻራ አለ። አውራ ጣቷን አስጠግታ ለካችው። የሚያስለካም አልነበረም፤ የእሷው ነው።

ሁሉም ነገር መጣላት። ባለፈው ዓመት ሁለቱንም ቅጾች አንድ ላይ ፈትታ ገበታዋ ላይ በሁለት ክምር ደርድራቸው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ቅቤ የተቀባ ዳቦዋን ይዛ፣ ከሁለተኛው ቅጽ ክምር ያቺን እጥፍ መዘዘች፤ የግብሩን ምዕራፍ አይደለም፣ የመስኖውንም አይደለም፣ ሐውልቱን! እንባዋ እስኪወርድ ስቃ መለሰቻት፤ የሦስተኛው ቅጽ ክምር ላይ። ልትሰፋ ስትል አንዱ ክምር ላይ ሁለት ዘጠነኛ እጥፍ፣ ሌላው ላይ ምንም አጣች። ከሁለቱ አንዷን አንሥታ ለጎደለው ሰጠች። የትኛዋ እንደሆነች አላየችም። መቶ ሃያ ዘጠኝ ከመቶ ሃያ ስምንት ቀጥሎ መጣላት፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰፋችው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

ክው ብላ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ልማዷ ንቀቷን ጠራችው። ሦስተኛው ቅጽ ላይ የውሰት ማኅተሞቹን አየች፤ ከሰፋችው ወዲህ ሠላሳ አንድ ሰው ተውሶታል። ሠላሳ አንድ! ንጉሡ ለግምጃ ቤት ሹሙ ሊናገር አፉን ከፍቶ የነሐስ ጫማ ሲወጣለት አንድ እንኳ “ይህ ምንድን ነው?” ያለ የለም። “ጥራዝ ነጠቅ ሁላ!” አለች ለባዶው ክፍል። ቃሉ አፏ ውስጥ አልጣፈጣትም። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ሁለቱንም መጻሕፍት ፈታች፣ እጥፎቹን ወደየቦታቸው መለሰች፣ መልሳ ሰፋች። ‘የሞተ ንጉሥ በምንም ይሙት፣ እኔን ምን ይጨምርልኛል?’ አለች በሆዷ። መጻሕፍቱን መደርደሪያቸው ላይ መልሳ ስትወርድ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የሥራ ቀን ነውና ባዶ ቢሆን አይገርምም፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

እሑድ ምሳ ላይ ታውቃላችሁ ለስንተኛ ጊዜ የውድድሩን ወሬ አነሣ። ጎንበስ ብሎ የሊፍት ጠጋኙን አቀማመጥ አሳየ፣ ድምፁንም አቀጥኖ “እርግጠኛ ነኝ” አለ። “ባዶ ጣሳ ይጮኻል ማለት ይህ ነው! ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ስለ ነገሥታት ምን አገባው?”

“ልክ ነበር” አለች ወስፌ።

“ማን?”

“ሰውየው ነዋ። መጽሐፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እጥፏን አቀያይሬ ሰፍቼ ነው። አንተም አንድ ገጽ ብቻ አንብበህ ሰው አዋረድክ።”

“እታለም፣ ምን ነካሽ?” አለች እህቷ ጭልፋውን እንደያዘች።

ታውቃላችሁ አፉን በመሐረብ ጠረገ። ወደ በሩ አየ፣ ወንበሩንም ሳብ አደረገ። “ይህን... ሌላ የሚያውቅ አለ?” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው አንድ ነገር እንዳያውቅ ሲፈልግ የመጀመሪያው ነበር። “ተይው በቃ፣ እህቴ። እኔ ዳኛ ነበርኩ፣ አንቺም ተሸላሚ ነሽ። የሞተ ንጉሥ በምንም ይሙት፣ እኛን ምን ይጨምርልናል?”

ወስፌ ፊቱን አየችው። የገዛ ቃሏን፣ ማክሰኞ በሆዷ ያለችውን፣ ሾርባ በነካው ከንፈር ሲመልስላት ሰማች። ሃያ ሰባት ዓመት የናቀችው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይህን ያህል አላስጠላትም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ሊፍት ጠጋኙን አፈላልጋ አገኘችው። አንድ የቢሮ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ የተከፈተ የሊፍት በር አጠገብ ተንበርክኮ ሽቦ ይፈታ ነበር። ሊፍቱ ስለማይሠራ ደረጃውን በእግሯ ነው የወጣችው፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

“እትዬ! በእግርዎ ወጡ?” ብሎ ተነሣ። ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ ሁለት እጁን ቱታው ላይ ጠራረገ። ወስፌ ዓይኗን መለሰች።

“ስማኝ፣ ሳትናገር ስማኝ” አለች። “ልክ ነበርክ። ሐውልቱ የወደቀው አባትየው ላይ ነው። መጽሐፉን ስሰፋ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አለ ሊፍት ጠጋኙ።

“ምኑን ነው የምታውቀው?”

“መቀያየሩን ነዋ። አምና ሦስተኛውን ሳነብ መቶ ሃያ ስምንት ላይ ተደናቀፍኩ። ቅደም ተከተሉ እንቢ ሲለኝ ሁለተኛውን አስመጣሁና ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። ያጋጥማል እኮ፣ እትዬ። እኛም ጋ ሽቦ ተቀያይሮ ሲታሰር አራተኛ ያለው ሰውዬ ሁለተኛ ፎቅ ይወርዳል።”

ሠላሳ አንዱ ማኅተም ውስጥ አንዱ የእሱ ነበር ማለት ነው። ያነበበ፣ የተደናቀፈ፣ አንዲት እድፍ ሳይተው የመለሰ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱን ነው በር ላይ መዳፉን ስታስገለብጠው የኖረችው።

“ታዲያ ያን ዕለት ሁለተኛው ቅጽ ከፊትህ ነበር!” አለች፤ ሳታስበው ቁጣዋ መጣ። “ከፍተህ አታሳያቸውም ነበር? እንደዚያ ሲስቁብህ!”

“ልከፍተው ነበር።” ሽቦውን ጫፉ ላይ ጠመዘዘው። “እርስዎ ፊት ተቀምጠዋል። ያን ፍሬም አቅፈው። ‘አንድም’ ተብሎ ከተነበበ ደግሞ አንድ ሰዓት አልሞላውም። እዚያ ሰው መሃል... አልሆነልኝም።”

ወስፌ ከግድግዳው ተላቃ ቀረበችው። “ስስቅ አላየኸኝም?”

“አይቼዎታለሁ” አለ፤ ቂምም ይቅርታም ድምፁ ውስጥ አልነበረም። ደግሞ ተንበረከከ። “ትንሽ ከታገሡኝ ይሠራል፤ በሊፍቱ ላወርድዎ።”

“በእግሬ እወርዳለሁ” አለች። ስድስቱን ፎቅ ስትወርድ አለቀሰች፤ በየደረጃው የሚያልፏት ሰዎች ምን ሆና ነው ቢሉም ግድ አልሰጣትም። አፈረች። እንዲህ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ አለ ብላ ስላላሰበች ብቻ ሃያ ሰባት ዓመት ልክ መስላ ኖራለች።

ፍሬሙን ወስዳ ለኃላፊው መለሰችለት። “ይቅር፣ ማንም አላየም፣ ስማችንን አታጥፊ” አላት። እሱን ለመስደብ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም። ያን ቀን ሰው በርከት በሚልበት ሰዓት ወደ ንባብ ክፍሉ ወጣች፤ እዚያ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። ከኪሷ ወረቀት አውጥታ፣ “ይቅርታ፣ ለአንድ አፍታ ስሙኝ” አለች።

ዓመቱን፣ ቅጾቹን፣ ገጾቹን፣ በውድድሩ ሊፍት ጠጋኙ ላይ የደረሰውንም አነበበች። ዳቦዋን እየበላች ለመሳቅ ስትል ከክምሩ መዛ ያነበበችው ገጽ መሆኑንም አልደበቀችም። እዚህ ላይ አንድ ሰው ፍርፍር አለ፣ ሌላው ተከተለው፣ “ወስፌ ራሷን ወጋች!” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሊፍት ጠጋኙ በክፍሉ አልነበረም፤ የሥራ ቀን ነው። ወስፌ ወረቀቱን እንደያዘች ስቀው እስኪጨርሱ ቆመች። ከዚያ ሳቁ የዋጠውን ዓረፍተ ነገር ፈልጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደገና አነበበችው፦ “ትክክለኛው መልስ የእሱ ነበር።”